በስልክ የወጣ የቅርጫ ዕጣ

በሬ አርዶ ከጎረቤት ጋር መካፈል ቀላል ነገር ነበር። «ነበር» የምለው እኔ እጄን ከማስገባቴ በፊት ያለውን ዘመን ነው። አሁን በእኛ ሰፈር፣ አዘዞ ውስጥ፣ ቅርጫ የሚባል ነገር ሲነሣ ሰው መጀመሪያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ስልኬን ያያል፣ ከዚያ ወደ መሪጌታ ጥበቡ ይዞርና ቶሎ አንገቱን ይደፋል። እንዴት እዚህ እንደ ደረስን ላጫውታችሁ። ብታዝኑልኝ ደስ ይለኛል፤ ብትስቁብኝም አልቀየምም፣ ለምጄዋለሁ።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት እጽፋለሁ። እናቴ ይህን ለጎረቤት የምታስረዳው «ኮምፒውተር ይጠግናል» ብላ ነው። በዚህ የተነሣ የሰፈሩ ሰው የማይሠራ ሪሞት፣ የማይሞቅ ካውያ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ እያቀፈ ይመጣብኛል። መጠገን አልችልም። «አልችልም» ማለትም አልችልም፤ የመከራዬ ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው። የመሪጌታ ጥበቡን ካውያ ፈትቼ ስገጥመው አራት ብሎን ተረፈኝ። ብሎኖቹን በወረቀት ጠቅልዬ ከካውያው ጋር መለስሁላቸው፤ ተቀብለውኝ በሩን በቀስታ ዘጉት።

ከዚያ ደግሞ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚሉት አጻጻፍ ለከፈኝ። ተማርሁት ከማለት ለከፈኝ ማለት ይሻላል። የዚህ አጻጻፍ ሰዎች እንደ መናኝ ናቸው፤ የሚጻፈው ሁሉ ንጹሕ መሆን አለበት ይላሉ። ንጹሕ ማለት ፕሮግራሙ ከእሱ ውጭ ያለውን ነገር አይነካም፣ ያለፈውን አያስታውስም፤ ያንኑ ነገር ከሰጠኸው ያንኑ መልስ ይመልስልሃል፣ ዛሬም፣ ነገም፣ በዓመቱም። ይህን ካነበብሁ በኋላ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ንጽሕና መስበክ ጀመርሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ስሰብክ ባለባጃጁ ወደ ኋላ ዞሮ «የየትኛው ደብር ነህ?» አለኝ።

ወደ በሬው ልመለስ። በሰፈራችን አያ ደሴ የሚባሉ፣ በሬ በዓይናቸው መዝነው የሚያውቁ ሰው አሉ። በዓል ሲደርስ እንፍራንዝ ገበያ ወርደው መርጠው ያመጣሉ። ይታረድና ሥጋውን ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ያደርጉታል። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም ለሁሉም ይደርሳል፤ እኩል ነው ይባላል። እኩል ነው፤ ግን አያ ደሴ ሲጀምሩ እጃቸው ስለሚፈታ የመጀመሪያው መደብ ላይ ሻኛው ጎላ ይላል፤ ሲጨርሱ ደግሞ የአንገት አጥንቱና የተረፈው ሁሉ መጨረሻው ላይ ይከማቻል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ዕጣ የሚጣለውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ይሰጣል፤ ቁልፍ፣ ቀለበት፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ስንጥር። ማን ምን እንደ ሰጠ ያላየ ሰው ይጠራና አንዱን አንዱ መደብ ላይ ይጥላል። ዕቃህ የወደቀበት መደብ የአንተ ነው፤ ዕጣ የእግዚአብሔር ነውና ማጉረምረም የለም።

ባለፈው ዓመት ገና ላይ ግን ሁለት ጎረቤቶች ከአንድ ሱቅ የተገዛ፣ መንታ የመሰለ ቁልፍ ሰጡ። አንዱ ቁልፍ ጎድኑ ላይ፣ አንዱ አጥንቱ ላይ ወደቀ። ሁለቱም «ጎድኑ ላይ ያለው የእኔ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ቁልፎቹን ይዞ በር ለመሞከር ወደየቤታቸው ሄደ። ሁለቱም ቁልፎች ሁለቱንም በሮች ከፈቱ። ይህ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ አመጣ፤ አንደኛው ባለፈው ክረምት የጠፋ ጃንጥላውን አነሣ፤ እዚያ ስንከራከር ሥጋውን ዝንብ ወረረው። ይኼኔ ነው እኔ አፌን የከፈትሁት።

«በስልክ ላደርግላችሁ እችላለሁ» አልሁ።

እውነቱን ለመናገር ለዕጣው አስቤ አልነበረም። ከመደቦቹ ማዶ መሪጌታ ጥበቡ ቆመው ነበር። መሪጌታ የደብራችን የማኅሌት መሪ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ግን የውባለም አባት ናቸው። ውባለም እዚሁ ከተማችን፣ ፒያሳ፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እሷን ለማየት ስል ሳያመኝ የገዛሁት ክኒን ለአንድ ቀበሌ ይበቃል። ተግባብተናል፤ የቀረን ሽማግሌ መላክ ነበር። አባቷ ግን እኔን የሚያውቁኝ በአራት ብሎን ነው። አንድ ሸጋ ነገር ሠርቼ ቢያዩኝ ብዬ ነው።

ፕሮግራሙን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስሁት። የሰው ስም ይገባበታል፤ እንደ ገባ በፊደል ተራ ይደረደራል። ማንም ቀድሞ ይመዝገብ፣ ማንም ዘግይቶ፣ ስብስቡ የተደረደረ ስለሆነ ሁሉም የየራሱ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ ከተደረደሩት ስሞች አንዱን በዕድል እያነሣ ለመጀመሪያው መደብ፣ ለሁለተኛው፣ እያለ እስከ መጨረሻው ያድላል። ዕድሉ ከአንድ መነሻ ቁጥር ነው የሚፈልቀው። እኔም ለሙከራ ያህል አንድ ቁጥር ጻፍሁበት። የኮራሁት ደግሞ ንጹሕ በመሆኑ ነው።

ፋሲካ ላይ ስልኬን ከፍ አድርጌ «ይኼ አያዳላም፣ አያስታውስም፣ ማንንም አያውቅም» ብዬ ንግግር አደረግሁ። መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው «የሰው እጅ ያልገባበት ዕጣ ሸጋ ነው» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነካሁት፤ ስሞቹ ወጡ። መጀመሪያው መደብ፣ ሻኛው፣ ለእኔ ደረሰ። መጨረሻው ለመሪጌታ ጥበቡ። ትንሽ አፈርሁ። እሳቸው ግን «እግዚአብሔር ያለው ነው፤ አጥንትም መረቅ ይሆናል» ብለው ሳቁና በዘንቢላቸው ይዘው ሄዱ።

ዕንቁጣጣሽ መጣ። ነካሁት። ሻኛው ለእኔ፣ የአንገት አጥንቱ ለመሪጌታ። ሰው ሳቀ። አያ ደሴ «ይኼ ስልክ መሪጌታን ወዷል» አሉ። መሪጌታም ፈገግ አሉ፤ ግን ፈገግታው እንደ ፋሲካው አልሆነልኝም። እኔ ምን አደረግሁ? ቤት ሄጄ ፕሮግራሙን በመፈተሽ ፈንታ ሻኛውን ጠበስሁ። ሁለት ጊዜ መገጣጠም በዕድል ዓለም የተለመደ ነው ብዬ ለእናቴ አስረዳሁ። እናቴ «ለእኛስ ሁለቴ ሻኛ መድረሱ?» ብትለኝ «እሱም የተለመደ ነው» አልኋት። ከአፍ የወጣ የማይመለስ ሆኖ ነው እንጂ ያቺን ንግግር ዛሬ ብውጣት ደስ ባለኝ።

ገና ደረሰ። በዚያ ላይ ጥምቀት ሲያልፍ ሽማግሌ ሊላክልኝ ተቆርጧል፤ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አያ ደሴ ናቸው። ስለዚህ ለመሪጌታ ደህና መደብ እንዲደርሳቸው በልቤ ተሳልሁ፤ ፕሮግራሙን ግን አላየሁትም። ስለት ለማይሰማ ነገር ተሳልሁ ማለት ነው። ነካሁት። ሻኛው ለእኔ። መጨረሻው ለመሪጌታ።

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። አያ ደሴ ቢላዋቸውን እየጠረጉ «ምነው፣ አንዴ ደግመህ ብትነካው?» አሉኝ በዝግታ።

«ዕጣ አይደገምም!» አልሁ ደረቴን ነፍቼ። ሰው ሲያደንቀኝ እንጂ ሲመክረኝ አልወድም። «ከተደገመማ ምኑን ዕጣ ሆነ?»

መሪጌታ ዘንቢላቸውን አነሡ። «ልክ ነው፣ ዕጣ አይደገምም» አሉና ሄዱ። ሲሄዱ መቋሚያቸውን እዚያው ግድግዳው ላይ አስደግፈው ረስተውት ነበር፤ ሮጬ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ ፊቴን ግን አላዩም።

ጥምቀት ላይ ታቦት ሲወርድ ከሰዉ መካከል ቆሜ ካህናቱን አያለሁ። የደብራችን መዘምራን መጡ፤ ከበሮው አለ፣ ጸናጽሉ አለ፤ መሪጌታ ጥበቡ የሉም። ታመው ይሆን ብዬ ደነገጥሁ። ኋላ ሳያቸው ከምእመኑ ጋር፣ ተራ ጋቢ ለብሰው፣ መቋሚያ ሳይዙ፣ ከአንዲት ባልቴት ጎን ይሄዳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው አይሰማም። ያን የመሰለ ድምፅ ያለው ሰው አፉን ገጥሞ ሲሄድ ማየት ያስፈራል።

በማግሥቱ ውባለም ደወለችልኝ። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«አባቴ ማኅሌት አልቆምም ብሏል። ቆሎ ነው የሚበላው። ሱባዔ ገብቷል።»

«ምነው? ምን ሆነው?»

«ሦስት በዓል ያው ዕጣ ወጣብኝ ይላል። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው፣ ሁለቴም ይሁን፣ ሦስቴ ግን እግዚአብሔር አንድ ነገር እየነገረኝ ነው ይላል። የሠራሁት ኃጢአት አለ፣ እሱን እስካውቅ ከመቅደሱ ፊት አልዘምርም ይላል። እናቴ ስታለቅስ ነው የከረመችው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስልክህ ግን እርግጠኛ ነህ?»

«ንጹሕ ነው» አልሁ።

«ንጹሕነቱን ተወውና እየው!»

አየሁት። ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ነካሁት። ስሞቹ በወጡ ቁጥር ያው ናቸው። የሁሉም ሰው መደብ በሦስቱም በዓል ያው ነበር፤ መካከል ያሉት መደቦች ስለሚመሳሰሉ ማንም ልብ አላለም እንጂ። እንዲህ ነው ነገሩ፦ በዚህ አጻጻፍ ዕድልን የምታወጣዋ ፈንክሽን፣ ማለት ትንሿ የፕሮግራሙ ክፍል፣ መነሻ ቁጥሩን ስትሰጣት ሁለት ነገር ትመልስልሃለች፤ አንዱ የወጣው ዕጣ ነው፣ ሁለተኛው ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን አዲስ መነሻ ቁጥር። እሷ አታስታውስም፤ አዲሱን ተቀብሎ ማስቀመጥ የአንተ ፈንታ ነው። እኔ ዕጣውን ተቀብዬ አዲሱን ቁጥር ጥዬዋለሁ። በየበዓሉ ያንኑ የሙከራ ቁጥር ከያው የተደረደረ ስም ጋር እሰጣታለሁ፤ እሷም በታማኝነት ያንኑ ትመልስልኛለች። መሪጌታ ከፊደል ተራቸው ንቅንቅ አላሉም፣ ቁጥሩም ንቅንቅ አላለም፣ አጥንቱም ንቅንቅ አላለም። መታረም ያለባት አንዲት መስመር ነበረች።

ያኔ ያዘንሁትን ማዘን እንዴት ልንገራችሁ። አጥንቱስ ይሁን፤ አጥንት ነው፣ ተቀቅሎ ያልቃል። አንድ አረጋዊ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቆሙበት ቦታ አንሥቼ፣ ያልሠሩትን ኃጢአት እንዲፈልጉ፣ ቆሎ እያስቆረጠምሁ አስቀመጥኋቸው። እኔ ደግሞ ሦስቴ ሻኛ በልቻለሁ። ያ ሁሉ ሻኛ ጉሮሮዬ ላይ ተመልሶ መጣ።

ለውባለም ደውዬ ነገርኋት። «አርመው» አለች። «ከዚያ መጥተህ ራስህ ትነግረዋለህ።»

«ሽማግሌው ከሄደ በኋላ ብነግራቸውስ?»

«አባቴ ቆሎ እየበላ ነው!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

አረምሁት። አሮጌውንም፣ ዳግመኛ ዓይኔ እንዳያየው፣ ከነዘር ማንዘሩ አጠፋሁት። ከዚያ ወደ መሪጌታ ቤት ሄድሁ። ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ጨርሰው እስኪያዩኝ ጠበቅሁ።

«መሪጌታ፣ ያ መደብ… እግዚአብሔር አይደለም» አልሁ።

«ምኑ?»

«ዕጣው። ሦስቱም። ፕሮግራሜ ስሕተት ነበረበት።»

«ንጹሕ ነው ብለህ አልነበረም?»

«ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ከሆነ ምን አጠፋ?»

«ንጹሕ በመሆኑ ነው ያጠፋው፣ መሪጌታ።»

ከዚህ በኋላ ያስረዳሁትን ባታነሡብኝ ደስ ይለኛል። የተደረደረ ስብስብ፣ መነሻ ቁጥር፣ የተጣለ ቁጥር… ላቤ ይወርዳል። ስጨርስ ዳዊቱን ዘጉት።

«ሦስት በዓል ሙሉ እግዚአብሔር ነው ብዬ ሳለቅስ» አሉ፣ «ለካ አንተ ኖረሃል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ለመሆኑ ለአንተ ምን ይደርስህ ነበር?»

«…ሻኛ።»

«በሦስቱም?»

«በሦስቱም።»

ከጓዳ በኩል የውባለም እናት የሳቅ ይሁን የሳል ድምፅ ተሰማ። መሪጌታ አልሳቁም። «ሂድ በል» አሉኝ። ሄድሁ።

የዚያ ሳምንት እሑድ ማኅሌቱን መሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብቼ ከዛፍ ሥር ቆሜ ሰማኋቸው፤ ድምፃቸው ያው ድምፅ ነበር፣ እንዲያውም በርትቷል። እንባዬ መጣ። ይህ ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እንዴት ደግ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ በደንቡ መሠረት ቤቴ ተቀምጬ ወሬ እጠብቃለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ አያ ደሴ ናቸው። «ና፤ መሪጌታ ስልክህንም ይዘህ ና ብለዋል» አሉኝ። ደንብ ላይ እንደዚህ የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም። በሩጫ ሄድሁ። ሽማግሌዎቹ በተርታ ተቀምጠዋል፣ ውባለም በጓዳው መጋረጃ በኩል ቆማ ታየኛለች።

«ልጄን አልከለክልህም» አሉ መሪጌታ። «እሷም ወዳለች። መጥተህ እውነቱን መናገርህንም ወድጄልሃለሁ። የሠርጉን ጊዜ ግን እኔም አልቆርጥ፣ ሽማግሌዎቹም አይቁረጡ። ስልክህ ይቁረጠው። ታርሟል ብለህ የለ?»

«ታርሟል» አልሁ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

«እንግዲያስ ከሚመጣው ጥር ጀምረህ የሰባት ዓመት ጥር በተራ ደርድርበት።»

አያ ደሴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ምነው መሪጌታ፣ ሰባት በዛ! ሦስት ይሁን።»

«አባቶቻችን ለሚስት ሲሉ ሰባት ዓመት በግ ጠብቀዋል። ይኼ ልጅ በግ እንኳ አልጠበቀም፤ ሻኛ ሲበላ ነው የከረመው።»

አያ ደሴ ተመልሰው ተቀመጡ። መሪጌታ አቡነ ዘበሰማያት አድርሰው ባረኩ። እኔ ሰባቱን ጥር ደረደርሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚወጣ እኔም አላውቅም ነበር፤ በትክክል የሚሠራ ዕጣ እንዲህ እንደሚያስፈራ ማን ነገረኝ? ነካሁት።

የሰባተኛው ዓመት ጥር ወጣ።

አያ ደሴ ስልኩን ከእጄ ወስደው ገልብጠው አዩት፤ ከጀርባው ሌላ መልስ ያለው መስሏቸው ይሆናል። «ይደገም!» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ይደገማል!»

«ዕጣ አይደገምም ብሎ ያስተማረን እሱ ነው» አሉ መሪጌታ። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ይልቅ እሳቸውም የደነገጡ መሰለኝ። ቢሆንም በጸሎት የወጣ ዕጣ ነው፤ እሳቸው ሦስቴ ዝም ብለው የተቀበሉትን እኔ አንዴ አልቀበልም ልል አልችልም። አያ ደሴ እስካሁን ድረስ በየሳምንቱ እየሄዱ ይለምኗቸዋል። እስካሁን መልሱ ያው ነው።

በማግሥቱ ፒያሳ ሄድሁ። ውባለም ነጭ ጋዋኗን ለብሳ መድኃኒት ትደረድራለች። ከመስተዋቱ ወዲህ ቆምሁ፤ እሷም ከወዲያ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አሮጌውን ጨርሰህ አጥፍተኸዋል?» አለችኝ።

«ጨርሼ። ግን ማታ በማስታውሰው እንደገና ጻፍሁት፤ ለሠርጋችን ምን ይል እንደነበር ልይ ብዬ።»

«ምን አለ?»

«የሚመጣውን ጥር።»

የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች፣ መልሳ አነሣችው።

«አርመው ያልሽኝ እኮ አንቺ ነሽ» አልሁ፤ ሌላ የምለው ቢጠፋኝ።

«የቅርጫውን አልሁህ እንጂ» አለች ውባለም፣ «የእኔን መቼ አልሁህ?»